ከሞንታርቦዬ የተቀዳው ካሴት

ሸክላ ቤቴን የገደለው ካሴት ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራለሁ። ውሸቴን ነው። ካሴት አንገቱን ያዘ እንጂ ቢላውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። ጦርነቱ አልፎ ባቡሩ እንደገና ጅቡቲ መመላለስ ሲጀምር ቴፕ የሚባለው ዕቃ ድሬን ሞላት። እኔ ከዚራ ሰፈር ጫፍ ላይ ባለቤቴ ሲሞት የተወልኝ ሱቅ ነበረኝ፤ ሸክላ ብቻ እሸጣለሁ። ከፊት ለፊቴ ሃሺ የሚባል የሦስት ልጆች አባት ካሴት ቤት ከፈተ። ደንበኞቼም መንገዱን ይሻገሩ ጀመር። አንድ ሸክላ ሁለት ዘፈን ይይዛል፣ አንድ የሃሺ ካሴት አሥራ አራት። ይህን ለመረዳት አራተኛ ክፍል መድረስ ይበቃል። እኔም አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ግን እልኸኛ ነኝ።

"አንድ ሸክላዬ ካሴት ቤት ቢገባ የቁልቢው ይፍረድብኝ" ብዬ መሀል መንገድ ቆሜ ማልኩ። ያልሰማ የለም።

ከዚያ ዘዴ መጣልኝ። ለሠርግ የሚከራየውን ትልቁን ሞንታርቦ ከበሬ በላይ አሰቀልኩና ከጠዋት እስከ ማታ ዘፈን አስጮህኩበት። ሰው ዘፈኑን ከሰማ ሸክላውን ይፈልጋል ብዬ ነው። ሰው ግን በነጻ ሰምቶ ትከሻውን እየነቀነቀ ያልፋል። እንግዲህ በደንብ አልሰሙም ማለት ነው ብዬ ድምፁን ጨመርኩት።

ከሁሉ የወደደልኝ ሃሺ ነው። ወንበሩን ደጃፉ ላይ ያወጣል፣ ሣጥን የምታክል ነገር በጨርቅ ሸፍኖ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል፣ ያዳምጣል።

"ኤዶ" ይለኛል፤ በሱማሊኛ አክስቴ ማለት ነው። "አቦ ያንን ድገሚው። ጋሪ አለፈና አበላሸብኝ።"

እደግምለታለሁ። "አሁንስ ተሰማህ?"

"ወላሂ ጥርት ብሎ። ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጊው።"

ከፍ አደርገዋለሁ። ይሄ ሰው በዘፈኔ ተማርኳል፣ ነገ ሱቁን ዘግቶ ሸክላ ሊገዛኝ ይመጣል ብዬ፣ ደጃፌ ላይ ጫት ለምትሸጠው ለፋርቱን ነገርኳት።

"ጭኑ ላይ ያለው ምንድነው?" አለችኝ።

"ምን አውቃለሁ፣ የምሳ ዕቃው ይሆናላ።"

አንድ ሐሙስ፣ ቀፊራ ገበያ ሻሽ የምትሸጠው ሃዎ ገባች። ሸክላዎቹን አገላበጠች፤ እንደማትገዛ ሁለታችንም እናውቃለን። ስትወጣ ዞር አለችና "ሰውየው ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲናገር ምራቁ የሚጣፍጠው ለምንድነው? ስኳራችን የት የገባ መሰለሽ?" ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ክው አልኩ። ቃሉ የእኔ ነው። ሰውየው ደግሞ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ወልደጻድቅ ነው። በዚያ ወር የራሽን ስኳር አልቋል ተብለን ባዶ ከረጢት ይዘን የተመለስን ዕለት ለፋርቱን የተናገርኩት ነው፣ ለእሷ ብቻ። በዚያን ጊዜ ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው እስር ቤት ገብቶ ይቀር ነበር።

ወጥቼ ፋርቱን ላይ ወረድኩባት። "አንቺ፣ ሰው ያመነሽን ነገር ገበያ ታወጪዋለሽ? ልታሳስሪኝ ነው?"

"እኔ ምን አልኩ?" አለች ጫቷ ላይ ውሃ እየረጨች። "አንቺ እኮ ከሞንታርቦው በላይ ለመሰማት ስትጮሂ ሳቢያን ሰፈር ድረስ ይሰማል።"

"እሷ አልነገረችኝም" አለች ሃዎ። "ከካሴቱ ላይ ነው የሰማሁት። አራተኛው ዘፈን ሲያልቅ አንቺ ትመጫለሽ፣ ከዚያ አምስተኛው ይቀጥላል። ልጆቼ በቃላቸው ይዘውታል።"

መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩት አላውቅም።

"ሃሺ፣ ያንን የምሳ ዕቃህን እስቲ አሳየኝ።"

ጨርቁን ገለጠው። ቴፕ ነው።

"አንቺ ራስሽ 'አሁንስ ተሰማህ' ትይኝ አልነበር?" አለ ደንግጦ። "የምታውቂ መስሎኝ።"

ይህን እንዳልሰማ አልፌ ጠየቅኩት። "ስኳሩ ያለበትን ለማን ለማን ሸጥከው?"

"ለሃዎ። አንዱን ደግሞ ትናንት የቀበሌው ጸሐፊ ወሰደ። እሑድ ስብሰባው እስኪጀመር በሞንታርቦ ሊያጫውቱት ነው።"

የሃሺ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። "ሰምተውታል?"

"የት ይሰሙታል? የቀበሌው ቴፕ መጋዘን ተቆልፎበታል፤ እሑድ ነው የሚወጣው።"

"አንተስ እንዲህ ያለ ነገር እያለበት ትሰጣለህ?"

"ኤዶ፣ ጆሮዬ ሱማሊኛው ዘፈን ላይ ነው። አማርኛውን ቃሉን አልከተልም። አንቺም ከዘፈኑ ጋር ያለሽ መስሎኝ ነበር።"

"ሂድና አስመልስልኝ።"

"ምን ብዬ? ምን ቢኖርበት ነው ካሉኝስ? የተሻለ ቅጂ አመጣሁላችሁ ካልኩ ግን ደስ ብሏቸው ይለውጡኛል።"

"ታዲያ የተሻለ ውሰድላቸዋ።"

"ከየት? ከሞንታርቦሽ ልቅዳ? አፍሽ እስከ እሑድ ይዘጋል?"

"አይዘጋም" አለች ፋርቱን ከማዶ።

"ሸክላዎቹን ከነማጫወቻው ይዘሽልኝ ነይ" አለ ሃሺ። "በሽቦ አገናኝቼ እቀዳዋለሁ።"

ዓርብ ጠዋት፣ በዚያው በማልኩበት መንገድ ላይ፣ ማጫወቻዬን እንደ ሕፃን ታቅፌ ተሻገርኩ። ጎረቤቴ አትክልት ሻጩ "እትዬ አስካለ፣ ለጥገና ነው?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። በሁለተኛው ጉዞ ሰባት ሸክላ ይዤ ሲያየኝ አትክልቱን ማስተካከል ጀመረ። የቁልቢው የስኳሩንም ነገር ያያል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሃሺ ሽቦውን ሰካና "እንግዲህ ዝም በይ" አለኝ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ሆንኩ። ሸክላ ለመገልበጥ ስነሳ በእግሬ ጣት ነው። ሊያስነጥሰኝ ሲል አፍንጫዬን አንቄ እንባዬ ወረደ።

ቀረጻው አልቆ ሽቦውን ሲነቅል "በሽቦ ሲቀዳ እኮ የሰው ድምፅ አይገባም" አለ።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አንድ ሰዓት ዝም ስትዪ አይቼሽ አላውቅም። ማየት ፈለግሁ።"

ቅዳሜ ጸሐፊው ጠፋ። ሃሺ ያገኘው እሑድ ጠዋት የስብሰባው በር ላይ ነው። አዲሱን ካሴት ሲሰጠው ጸሐፊው አመስግኖ፣ አሮጌውም መለዋወጫ ይሁነን ብሎ ሁለቱንም ኪሱ ከተታቸው። ሃሺ መጥቶ ይህን ሲነግረኝ ነጠላዬን አንስቼ ወደ ስብሰባው ሮጥኩ። ሁለቱ ካሴቶች በቀለም አይለዩም።

የፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሲፈልጉኝ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው። ጸሐፊው እጁን ኪሱ ከተተ፣ አንዱን አወጣ፣ ቴፑ ውስጥ ከተተው። አንደኛው ዘፈን አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ጥራቱን ሰምቼ የቱ እንደሆነ እንዳልለይ ልቤ ከሞንታርቦው በላይ ይመታል። ሦስተኛው አለፈ። አራተኛው ሲያልቅ ፋርቱን ክንዴን ጨበጠችኝ። ጸጥ አለ። ጓድ ወልደጻድቅ ወረቀቱን ያገላብጣል። በሕይወቴ የራሴን ድምፅ እንደዚያ ፈርቼው አላውቅም።

አምስተኛው ዘፈን ጀመረ።

ከዚያ ጓድ ወልደጻድቅ ሦስት ሰዓት ተናገረ። እንደዚያ ያማረ ንግግር ሰምቼ አላውቅም፤ አጨበጨብኩ፣ ሰው እስኪያየኝ አጨበጨብኩ። ሃሺ ከስብሰባው በኋላ አሮጌውን ከጸሐፊው ተቀበለልኝ፤ ክሩን መዝዤ መዝዤ አቃጠልኩት። የሃዎን ግን ማስመለስ አልቻልኩም። "ያለ አንቺ ይቀዘቅዛል" ብላ እምቢ አለች።

ተረፍኩ ብዬ ሳልጨርስ ሰኞ ሆነ። ያንን ጥርት ያለ ድምፅ ቀበሌው በሙሉ ሰምቷል፤ ሃሺ ደጃፍ ሰው ተሰለፈ። እኔ ጋ ሦስት ሰዎች ገቡ። ብድግ አልኩ፣ ጸጉሬን አስተካከልኩ።

"እናት፣ ያ የእሑዱ ካሴት እዚህ ነው ወይስ ማዶ?"

ማዶ አልኳቸው። በጣቴ አሳየኋቸው።

ማክሰኞ ቀሪዎቹን ሸክላዎች ጋሪ ላይ ጫንኩ። መንገድ ለመሻገር ጋሪ የተከራየ ሰው ድሬ ውስጥ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ በእጄ ብመላለስ ሰው ይቆጥርብኛል ብዬ ነው። ሃሺ ጠረጴዛውን ገፋ አድርጎ ቦታ ሰጠኝ።

"አንድ ነገር ልንገርህ" አልኩት ሳልቀመጥ። "ዘፈኑን የምመርጠው እኔ ነኝ። የትኛው እንደሚቀድም አንተ አታውቅም።"

"እሺ ኤዶ።"

"መርፌውም አቧራ ይዟል።"

"እሺ።"

አንድ ሰው መጥቶ ካሴት አነሳና "ባለሱቁ ማነው? ሰምቼ ልግዛ" አለ። ሃሺ እኔን አየኝ።

"እኔ ነኝ" ብዬ ተቀበልኩትና ቴፑ ውስጥ ከተትኩት። አልገባ አለኝ። ገፋሁት።

"ገልብጠሽ ነው የከተትሽው" አለኝ ሰውየው።

"አውቃለሁ" አልኩት።