ነጩ ኮርኒስ

ጣሪያ ሠሪው ሥራውን የሚነካበት ሰው አይወድም። አንድ ጊዜ ለአባቱ በር ገጥሞላቸው፣ እሳቸው «ልጄ፣ ትንሽ ዘመም አላለችም?» ቢሉት ዓመት ሙሉ ደጃቸውን አልረገጠም። ሽማግሌው ራሳቸው የድሮ አናጢ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከዚህ አኩራፊ በቀር መጥቶ የሚጠይቃቸው የለም።

ብርድ አስቸገረኝ ሲሉት ግን ፈጥኖ ደረሰ። ከኮርኒሱ በላይ ወፍራም ሙቀት መያዣ ጥጥ አነጠፈ፤ ዝናብ እንዳያገኘው ብሎም ከላዩ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ላስቲክ አለበሰው። ቀጥሎ አባቱ ቤቱን ሲሠሩ ግድግዳና ጣሪያ በሚገናኙበት ላይ የተዉአቸውን ቀዳዳዎች በፎም መድፈን ጀመረ።

«እነሱን እንኳ ተዋቸው» አሉ አባት ከመሰላሉ ሥር ሆነው። «ቤት መተንፈሻ ይፈልጋል።»

«አባዬ፣ ብርዱ የሚገባው በነሱ አይደል እንዴ? ያሞቅኩትን በቀዳዳ ላስወጣልህ?»

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ ነው። ሽማግሌው ሊመልሱለት ሲሉ የልጃቸው ግንባር መቋጠሩን አዩና፣ ሆድ ይፍጀው ብለው መሰላሉን ያዙለት።

ቤቱ በእርግጥ ሞቀ። ልጅ በመጣ ቁጥር ጃኬቱን አውልቆ ይቀመጣል፤ ቀና ሲል ኮርኒሱ እንደ ወተት ነጭ ነው። አባቱ ሥራውን እንዲህ መንከባከባቸው ያኮራዋል። ስለ ሳላቸው ሲጠይቃቸው «እርጅና ነው» ይሉታል። ቤቱ ሁልጊዜ አዲስ ቀለም ይሸታል፤ እሱ ግን ለምን ብሎ አልጠየቀም።

በሁለተኛው ክረምት ሽማግሌው ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታል ተኙ። ሐኪሟ ልጅየውን ለብቻው ጠርታ «ቤታቸው ሻጋታ ሳይኖረው አይቀርም። ሳንባቸው ተጎድቷል፤ እዚያ ባይመለሱ ይሻላል» አለችው። በሐኪሟ እየተናደደ ልብሳቸውን ሊያመጣ ሄደ።

ከአልጋቸው በላይ ኮርኒሱ ረግቧል። መሰላል ላይ ወጥቶ በአባቱ መዶሻ ጫፍ ቢነካው ተሰበረና እርጥብ ጥጥ ትከሻው ላይ ዘፍ አለ። ከማንቆርቆሪያው፣ ከታጠበ ልብስ፣ ከሰው ትንፋሽ የሚነሳው እርጥበት ወደ ላይ ወጥቶ፣ ቀዝቃዛው ላስቲክ ላይ ውሃ እየሆነ፣ መውጫ ሲያጣ ጥጡ ላይ ሲንጠባጠብ ከርሟል። ላስቲኩ ከጥጡ በታች፣ በክፍሉ በኩል መሆን ነበረበት። ከጥጡ በላይ ደግሞ በአባቱ ቀዳዳዎች የሚገባ ነፋስ ማለፍ ነበረበት። የጣሪያውን እንጨት ቢጫነው ጣቱ ገባ።

የወደቀውን የኮርኒስ ስባሪ አንስቶ አየው። ቀለም በቀለም ላይ ተደርቦ ወፍሯል፤ በየነጩ መካከል ጥቁር ሻጋታ አለ። አልጋው ሥር የቀለም ጣሳና ብሩሽ ተሸሽገዋል። ሽማግሌው እሱ ሊመጣ ሲል፣ ያ ሁሉ ሳል እያጣደፋቸው፣ መሰላል ላይ ወጥተው ይቀቡ ነበር። ጣሳውን ይዞ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

ሆስፒታል ተመልሶ አጠገባቸው ቆመ። «አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

ሽማግሌው በክርናቸው ቀና አሉ።

«ብነግርህ ትቀርብኝ ነበራ።»

አልቀርም ነበር ሊል አፉን ከፈተ። ያቺ የዘመመች በር ትዝ አለችውና መልሶ ዘጋው።