ሁለተኛው ረድፍ ላይ የነበረችው

ጠጋ በሉማ ልጆቼ፤ ወንበር ሳቡና አረፍ በሉ። ይህን ነገር ቸኩዬ ከነገርኳችሁ ይበላሽብኛል።

የአንድ ጠበቃ እናት ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ጠበቃው ለቀስተኛው መሃል አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ከጎኑ ሽበታሙ አለቃው አሉ፤ ከፊቱ ጎረቤቶች። ልብስ ሰፊዋ ሰዓቷን አየት አደረገችና አጠገቧ ወዳለው ጡረተኛ አናጢ ዘንበል አለች።

"አሁን እኮ ይጀምራል።"

"ምኑ?"

"ያ የቴሌቪዥኑ የችሎት ድራማ ነዋ። ዛሬ የድሮውን ክፍል ነው የሚደግሙት።"

"ኧረ እፈሪ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠሽ።"

አለቃው ሰሙ። "ያ ዳኛው ፍርድ በዘፈን የሚሰጥበት? አህያ ለምስክርነት የቀረበችበት?" አሉ። "ሕጉን መጫወቻ አደረጉት። ባለፈው አንዱ ባለጉዳይ፣ 'ጋሼ፣ እርስዎ አይዘፍኑም እንዴ?' አለኝ።"

"እኔስ ወድጄዋለሁ" አለ አናጢው። "እውነተኛው ችሎት ስድስት ዓመት ተመላልሻለሁ፤ እንደዚያች አህያ ቀጥ ያለ ምስክር አላየሁም።"

የታፈነ ሳቅ ቤቱን ዞረው። ጠበቃው ብቻ አልሳቀም።

እናቱ ሃያ ሁለት ዓመት የፍርድ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። የችሎቱን አግዳሚ በየማለዳው ትወለውለዋለች እንጂ አንድ ቀን አልተቀመጠችበትም። ልጇን በዚያው ሥራ አስተምራ፣ እዚያው ችሎት ካባ ለብሶ ሲቆም አየች። ጡረታ ስትወጣ የድራማው ሰዎች ታዳሚ የሚሆን ሰው ሲፈልጉ ሄዳ ተመዘገበች። የምትናገረው ቃል የላትም፤ ሥራዋ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ መቀመጥ ነው። "ተቀመጪ ብለው የሚለምኑኝ ሰዎች ተገኙልህ፣ ልጄ" ብላ ስትስቅ እንባዋ ይመጣ ነበር።

አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ ድራማውን ሲያብጠለጥሉ፣ አለቃው ከስክሪኑ ላይ አንዲት ሴት አሳዩት። "አህያ ስትመሰክር ቁጭ ብለው የሚያዳምጡ ጅሎች። ይቺ ደግሞ እናትህን አትመስልም?"

"ትመስላለች እንጂ አይደለችም" አለ።

አፉ ለምዶት ሰፈር ውስጥ ለጠየቀው ሁሉ ያንኑ ደገመው። እናቱ ጆሮ ይደርሳል ብሎ አላሰበም።

"እኔ ለሳቅ ብዬ አይደለም" አለች ሰፊዋ ለአናጢው፣ የለቅሶ ቤቱ ሳቅ በረድ ሲል። "እሷን የምትመስለውን ሴትዮ ልይ ብዬ ነው። ናፈቀችኝ።"

"እሷው አይደለችም እንዴ?"

"እኔም እሷ ናት ባይ ነበርኩ። ቀሚሱን የሰፋሁት እኔ፤ የገዛ ስፌቴ ይጠፋኛል? ብጠይቃት ግን፣ 'ልጄ አይደለችም ካለ አይደለሁም፤ እሱ የተማረ ነው' አለችኝ። በወሩ እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ አየሁ።"

የጠበቃው ፊት ነደደ። ሥራውን ለምን ተወሽ ሲላት፣ ወገቤን አሞኝ ነው ብላው ነበር፤ እሱም እፎይ ብሎ አምኗል። አሁንም ዝም ቢል የሚጠይቀው የለም። እውነቱን የምታውቀው እናቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም ተቀብራለች።

ተነሳና ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ድምፁን አጠፋው።

"ምን ሆንክ፣ ልጄ?" አሉ አለቃው።

ዳኛው አፉን ከፍቶ ያለ ድምፅ ይዘፍናል። ምስሉ ወደ ታዳሚው ዞረ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሴት ወገቧን አቅንታ፣ ዓለም የእሷን ፍርድ የሚጠብቅ ይመስል ቁጭ ብላለች።

"ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ" አለ። "እናቴ ናት። ሁላችሁንም ዋሽቻችኋለሁ። እሷንም ከቦታዋ ያስነሳኋት እኔ ነኝ።"

አለቃው መሬት መሬት አዩ። ሰፊዋም አውቄ ነበር አላለችም። ከኋላ ያሉት ብቻ አንገታቸውን አሰገጉ፤ ለካ እሱው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ ጋርዷት ኖሯል። ይሄኔ ጎንበስ አለና፣ ሰው ፊት እንደሚያልፍ ሰው ትከሻውን ሰብስቦ፣ ከእናቱ ፊት ገለል አለላቸው።

እናንተም ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ፣ ዋናዎቹ ሲያወሩ ከኋላቸው ዝም ብለው የተቀመጡትን አየት አድርጉልኝ። እሷንም አትርሱብኝ፣ አደራ።