መርፌው የቀረ ዕለት

የአየር ጤናው መካኒክ ወዬሳ መድኃኒት ከተላመደ ቲቢ የዳነው በየቀኑ እየተወጋ ነበር፤ መርፌው ግን ጆሮውን ይዞበት ሄደ። በኋላ ያው በሽታ ሚስቱን ዘመነችን ሲይዛት፣ ያለ መርፌ በክኒን ብቻ ማዳን ይቻል እንደሆነ የሚፈትን ጥናት ውስጥ ገባች። ጎረቤቶቿ "መሞከሪያ ሊያደርጉሽ ነው" ቢሏትም ክኒኑን እስከ መጨረሻው ዋጠች፤ ዳነችም።

ዛሬ ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ቦንቱ ተሳታፊዎቹን ሰብስባ ውጤቱን ነገረቻቸው። ክኒኑ ሠርቷል።

"ታዲያ መርፌው ቀረ?" አለች ዘመነች።

"ቀረ። ያስቀራችሁት እናንተ ናችሁ።"

ዘመነች ከታክሲ ወርዳ በቀጥታ ጋራዡ ሄደች። ወዬሳ ከመኪና ሥር ሲወጣ አፏን ወደ ጆሮው አስጠግታ ጮኸች፦

"ከእንግዲህ በዚያ መርፌ የሚደነቁር የለም! እኔም አለሁበት!"

ጋራዡ በሙሉ ዞሮ አያት። ወዬሳ ደረቱን ነፍቶ፣ "ሚስቴ ናት!" አለ።