እጅ የምታስለቅቅ ሞተር

በላይነህ ሄልሜቱን ለዶሮ ከሰጠ አራት ዓመት አልፎታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመንግሥት እንግዶችን መኪና በሞተር ሲያጅብ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ክረምት ላምበረት አጠገብ ዝናብ ባራሰው አስፋልት ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። እግሩ ተሰብሮ ዳነ። ሰው "ጋሽ በላይነህ፣ ሞተር ተዉ እንዴ?" ሲለው መልሱ አንድ ነው፤ "ምን ላድርግ፣ ዘርትሁን ከለከለችኝ።" ሚስቱ ዘርትሁን አጠገቡ ብትኖርም ትንፍሽ አትልም። ሄልሜቱን ጭድ ሞልታ ለዶሮዋ መታቀፊያ አደረገችው፤ ወሬውም በዚያው ተዘጋ።

ዘርትሁን ግን አንድም ቀን ከልክላው አታውቅም። እግሩ ከዳነ በኋላ በላይነህ ሁለት ጊዜ የሰው ሞተር ላይ ወጥቶ ሞክሮ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ቀኝ እጁ ነዳጅ መስጫውን እንደጨበጠ አልላቀቅም አለው። ጣቶቹን በግራ እጁ አንድ በአንድ ፈልቅቆ ነው የወረደው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ! ፈርቶ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያልፈራ ሰው "ፈራሁ" ብሎ ለማን ይነግራል?

ስለዚህ ሳምራ ደውላ "ጋሼ፣ ሁለት ሞተር ነድቼ ላወዳድር ነው፤ ያለ እርስዎ ግን አልገዛም" ስትለው እምቢ ማለት ነበረበት። ሳምራ አብሮት ሲያጅብ የኖረው የሟቹ የናኦል ልጅ ናት። ሾላ ገበያ አጠገብ የመለዋወጫ ሱቅ አላት፤ የሞተር ፍቅሯን ከአባቷ ወርሳለች።

"ስንት ሲሲ ናቸው?" አላት፣ ለወጉ ያህል።

"ቀዩ ሺህ ሰባት መቶ፣ ጥቁሯ ሺህ ስምንት መቶ።"

በላይነህ ስልኩን እንደያዘ ቁጭ አለ። በሥራ ዘመኑ የነዳቸው ሁሉ ከእነዚህ ጋር ሲተያዩ ጥጃ ናቸው። አፉ ሳያማክረው "ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ" አለ። ቅዳሜም ለዘርትሁን "ላምበረት ሰው ልሸኝ ነው" ብሎ ወጣ።

ሞተሮቹ ከሳምራ ሱቅ ፊት ለፊት ቆመዋል። ሻጩ ዲንሳ የአባቷን ስም አክብሮ ለግማሽ ቀን ቁልፎቹን ሰጥቷታል። በላይነህ "በስመ አብ!" ብሎ ቆመ። ረጃጅምና ዝቅ ያሉ ናቸው፤ እግርን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ የሚነዱ። የኋላ ጎማቸው የሚኒባስ ጎማ ያህላል። በርበሬ ሊሸምቱ የመጡ ሴቶች ዘንቢላቸውን እንደያዙ ከበው ያያሉ። ሳምራ ጥቁሯን ስታስነሳ ድምጿ ከጆሮ በፊት ደረቱ ላይ ደረሰ።

ከሱቁ የተዋሰችለትን ሄልሜት አጠለቀ። ይጠበዋል፤ አልተናገረም። ቀዩ ላይ ወጣ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ለቀቀ፣ ሄደ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግሩም ሚዛኑም ሥራቸውን አልረሱም። እጁ ግን ወዲያው ጭብጥ አለ።

ቀዩ ጉልበተኛ ነው። ነዳጅ ሲሰጡት ይዘላል፤ ሲቀንሱበት እንደተቆጣ በሬ አንገቱን ደፍቶ ይይዛል። በየሚኒባሱ ኋላ ባቆመ ቁጥር በላይነህ ጥርሱን ይነክሳል። ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ ያለውን ዳገት ሲጀምሩ ክርኑ ድረስ ደንዝዞ ነበር። ጥግ ይዘው ቆሙና ሳምራ "እንቀያየር" አለች። ጣቶቹን ሲፈለቅቅ እንዳታየው ፊቱን ወደ ባሕር ዛፉ አዞረ።

ጥቁሯ ሌላ ነገር ነች። ዳገቱን ስትወጣ አትቸኩልም፤ በሁለተኛ ማርሽ እየተነፈሰች ኩርባውን ሁሉ ሰተት ብላ ትበላዋለች። ብርዱ በአንገቱ ገባ። ከዛፎቹ መሐል ከተማው አንድ ጊዜ ብቅ፣ አንድ ጊዜ ጥልቅ ይላል፤ ከኩርባ ኩርባ እያነሰ፣ ሰማዩም እየሰፋ ሄደ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ከተማ ሲነዳ ዓይኑ ከፊት ከሚሄደው መኪና ተነቅሎ አያውቅም ነበር። ለካ ይሄ ሁሉ አለ! በሄልሜቱ ውስጥ ብቻውን "ኧረ! ኧረ!" ይላል።

ዳገቱ አልቆ መንገዱ ሜዳ ሲሆን የእንጦጦ ማርያም ጣሪያ ብቅ አለ።

አጃቢ ሥራ ላይ እያለ እጁን ከመሪ አያነሳም፤ ትእዛዝ ነው። በላይነህ ያን ሁሉ ዓመት በቤተ ክርስቲያን በር ሲያልፍ የሚሳለመው በአገጩ ብቻ ነበር። አገጩን ዝቅ ያደርግና በልቡ "እመቤቴ፣ እጄ ሥራ ላይ ነው" ይላል። ዛሬም አገጩን ዝቅ አደረገ።

ቋ! የሆነ ነገር ግንባሩን መታው።

የገዛ ጣቱ ነበር። ቀኝ እጁ ሳያዘው ተነስቶ ሊያማትብ ግንባሩን ሲፈልግ ሄልሜቱን አገኘ። ከሄልሜቱ ወደ ደረቱ፣ ከግራ ትከሻው ወደ ቀኝ ሄደ። ነዳጅ መስጫውን የያዘው የለም። ጥቁሯ አልዘለለችም፣ አልደነገጠችም፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጥ ብላ ተንሳፈፈች፤ እጁ እስኪመለስ ጠበቀችው።

በሩ ጋ አቆመ። እጁን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። እንባው መጣ፤ አላፈረበትም።

ሳምራ ቀዩን አቁማ ሮጠች። "ጋሼ፣ ምን ሆኑ? አመመዎት?"

"ፈርቼ ነበር ልጄ" አላት። "አራት ዓመት። እጄ አልለቅም ይለኝ ነበር። ዘርትሁን አልከለከለችኝም።"

ሳምራ ክንዱን ያዘችውና "የቷን ልግዛ ታዲያ?" አለችው።

"እጅ የምታስለቅቀውን። ጥቁሯን። ጠብቃ ታሳልማለች።"

"እኔ እኮ ጴንጤ ነኝ ጋሼ!" ብላ ሳቀች። "ማማተቡ ይቅርብኝ፤ የአጃቢ አነዳዱን ግን በየቅዳሜው ያስተምሩኛል። ሄልሜት ግን የራስዎን ይዘው ይምጡ፤ ይሄ ጆሮዎን አቅልቶታል።"

ቤቱ ሲደርስ ዘርትሁን በረንዳ ላይ ምስር ትለቅማለች። ቀና ብላ አሸተተችው።

"ላምበረት ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል እንዴ?"

አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራት፤ እጁ እንደለቀቀ፣ ከማርያም በር ላይ እንዳለቀሰ፣ በእሷ ሲያመካኝ እንደኖረ። ዘርትሁን እየሰማች ምስሯን ትለቅማለች።

"አንተ ሰውዬ፣ የማላውቅ መስሎህ ነው?" አለች በመጨረሻ። "ከለከለችኝ እያልክ ስታላክክብኝ ዝም ያልኩህ፣ የፈራ ሰው የሚደገፍበት ይፈልጋል ብዬ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ክፉ ሚስት ሲለኝ ቻልኩት።"

በላይነህ እጇን ያዘ፤ በቀኝ እጁ።

"በል፣ ዶሮዋን ላስነሳት?"

ጎንበስ ብሎ ወደ ሄልሜቱ አየ። ዶሮዋ ሰባት እንቁላል ታቅፋ ገላመጠችው።

"ተያት፣ ትፈልፍል" አለ። "ሳምራ ሁለት ሳምንት ትጠብቀኝ።"

"ለሳምራስ ምን ልትላት ነው?" ዘርትሁን ሰፌዱን አስቀመጠች። "አሁን ደግሞ ዶሮዋ ከለከለችኝ በላት!"