ድንኳን ውስጥ የተባለ እሺታ

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ ከተማ፤ ለማን እንዳለ ግን አላወቀም። አንድ እጅ ትከሻውን ጨበጥ አድርጎ ተወው፤ ሌላ እጅ መጣ።

«እግዜር ያጥናህ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ዕድሩ ያመጣው ድንኳን ለግቢው አልበቃ ብሎ አንድ ጎኑ የጎረቤት አጥር ላይ ታስሯል። የጅግጅጋ ነፋስ ለቅሶ ቤት ነው ብሎ አያፍርም፤ ሸራውን ሲያርገበግበው ይውላል። ከተማም ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ሸራውን ሲያይ ይውላል። ዛሬ የሚስቱ የለተሥላሴ ሰልስት ነው፤ ከዓይኑ ግን አንዲት እንባ ጠብ አላለችም። ያዘነ ሰው ውስጡ ይቃጠላል ሲባል ነበር የሚሰማው። የሱ ውስጥ ግን ሲቀመጡበት እንደደነዘዘ እግር ሆኗል፤ ቢቆነጥጡትም የሌላ ሰው ነው።

የሚሠራው ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ ደወሌ ጉምሩክ ነው። «ለተሥላሴን ትንሽ አሟታልና ድረስ» ብለው ሲደውሉለት፣ ያ «ትንሽ አሟታል» ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ እሱም ያውቃል። ግን መንገዱን ሁሉ ትንሽ አሟት ነበር። የሞተችው እቤቱ በር ላይ ሲደርስና ሰዉን ሲያይ ነው።

ልጁ ሮዛ ከአክስቶቿ መሀል ተቀምጣለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በቀብሩ ዕለት እህል በአፏ አልዞረም፤ ከትናንት ወዲህ ግን ንፍሮ እየዘገነች ትበላለች፤ ፊቷም ትንሽ ፈካ ብሏል። ከተማ ለምን ብሎ አልጠየቀም። በላች፣ ይበቃል።

ከኋላው ሁለት መምህራን ይንሾካሾካሉ።

«ያ የጀመረችው ነገር ምን ይውጠው ይሆን?»

«ሰኞ ይከፈታል አሉ።»

«የገዛ ልጇን ሳታስገባ ሞተች፣ ምስኪን።»

«እሱስ ተስተካክሏል አሉ።»

ጆሮው ሰምቷል፤ እሱ ግን አልሰማም።

ለተሥላሴ የትምህርት ቢሮ ሠራተኛ ነበረች፤ የጀመረችው ነገርም አንድ ክፍል ነበር። በመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚማሩ፣ አእምሯቸው ከእኩዮቻቸው ለሚቀድም ልጆች ጅግጅጋ ላይ ልዩ ክፍል እንዲከፈት ሁለት ዓመት ቢሮ ለቢሮ ተንከራታለች። ሠላሳ ልጅ ብቻ ነው የተፈቀደላት። መምህራን ጎበዝ ተማሪ ምረጡ ሲባሉ ምን ዓይነት ልጅ ይዘው እንደመጡ ስትነግረው በሳቅ ትፈርስ ነበር፦ «ጸጉሩ የተበጠረ፣ ደብተሩ የተሸፈነ፣ አባቱ ባለሥልጣን!» በሁለተኛው ዙር «ጎበዙን አምጡልኝ» ማለቱን ትታ «ያሰለቻችሁን አምጡልኝ» አለች። መምህራኑ ያን ጊዜ አላመነቱም።

አውበሬ ወረዳ ላይ ያሰለቸችው ኢቅራ የምትባል ልጅ ነበረች። «ይቺ ያላስተማርኩትን እየጠየቀች ታደርቀኛለች» አለ አስተማሪዋ። ለተሥላሴ የሥራ ባልደረባዋን ካልቱንን እያስተረጎመች «ቦቴ ውኃ ይዞ ሲመጣ የትኛው ሰልፍ ላይ ትቆሚያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ሌሎቹ ልጆች ሁሉ አጭሩ ሰልፍ ላይ ብለው ነበር። ኢቅራ ግን «ሰው አልቆጥርም። ጀሪካናቸው ትንንሽ የሆነበት ጋ ነው የምቆመው» አለች። ለተሥላሴ ይህን ቤት መጥታ ስታወራ ከተማ እረፍት ወጥቶ ኳስ እያየ ነበር። «እህ» ብቻ አላት።

ኳሱን ያጠፋው የተመረጡት ልጆች ታውቀው ሮዛ ከመሀላቸው የለችም ሲባል ነው።

«ልጄ ከአንደኝነት ወርዳ አታውቅም! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ!»

ለተሥላሴ አልተቆጣችም። «ሮዛ ጎበዝ ናት፤ ያለዚህ ክፍልም ጎበዝ ናት» አለችው። «ያቺን ልጅ ግን ያለዚህ ክፍል ማንም አያያትም። ሁለት ዓመት ቆይታ ሰልችቷት ትምህርቱን ትተወዋለች።»

ሮዛ በሯን በላያቸው ላይ ድርግም አድርጋ ዘጋች። እሱም በማግሥቱ ወደ ደወሌ ሲመለስ ሚስቱን በደንብ አልተሰናበታትም። ከዚያ ወዲያ ስልክ ነበር እንጂ ፊቷን አላየም።

ረፋዱ ላይ ካልቱን አንድ ሸምገል ያሉ ሰውና አንዲት ቀጭን ልጅ አስከትላ ገባች። ሰውየው የታሸገ ውኃ ካርቶን ከመግቢያው አስቀመጡና መጥተው ከፍራሹ ጫፍ ተቀመጡ። የኢቅራ አባት ዋርፋ ናቸው።

«ወንድሜ ከተማ፣ ሳሚር ኢዮ ኢማን። አላህ ትዕግሥትና እምነት ይስጥህ» አሉ። «ሚስትህ እኛ ቤት ገብታ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ሻይ ጠጥታለች። የቢሮ ሰው እኛ ቤት ገብቶ አያውቅም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ልጅቷ የአባቷን ሽርጥ ጎተት አድርጋ በሶማሊኛ የሆነ ነገር ጠየቀች። ዋርፋ ቆጣ ብለው ዝም አሰኟት። ካልቱን አንገቷን ደፋች።

«ምን አለች?» አለ ከተማ። ለምን እንደጠየቀ አላወቀም።

«ልጅ ናት፣ ጋሽ ከተማ፣ ተወው።»

«ምን አለች፣ ካልቱን?»

«ሴትየዋ ከሞተች እኔ ጎበዝ መሆኔ ቀረ ወይ፣ ነው ያለችው።»

ከተማ ከሸራው ላይ ዓይኑን አነሳ። «ለምን ይቀራል? ሰኞ ትገባ የለ?»

ዋርፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛ ለለቅሶ ነው የመጣነው። ሌላ ወሬ የለንም። አሁን ወደ አውበሬ እንመለሳለን።»

«ካልቱን፣ ንገሪኝ።»

«ለቅሶ ቤት የሚነገር አልነበረም» አለች ካልቱን በለሆሳስ። «ቦታዋ ለሮዛ ተሰጥቷል። ለእናቷ መታሰቢያ ተብሎ። አንተም ተጠይቀህ እሺ ብለሃል አሉን።»

«እኔ?»

«ሀብተየስ ነው የጠየቀህ። የቀብሩ ዕለት።»

ሀብተየስ የመራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ከተማ ቀስ እያለ ትዝ አለው፦ ጆሮው ሥር የተጠጋ አፍ፣ «ለልጅህ» የሚል ቃል፣ የገዛ ራሱ አንገት ሲነቀነቅ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎታል። ያን ቀን ቤትህን እናቃጥለው ቢሉትም እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለቱ አይቀርም ነበር። የሮዛ ንፍሮም የዚያን ጊዜ ገባው። ልጅቷ ወሬውን ሰምታ፣ በእናቷ ሞት ውስጥ አንድ የምትይዘው ነገር አግኝታ ነው የበላችው።

ዝም ቢልስ? ዋርፋ አይከሱ፣ ካልቱን አትናገር። ነገ ድንኳኑ ይፈርሳል፣ ሰው ይረሳል፤ ልጁም አኩርፋት ሳለ የሞተችባት እናቷ የኋላ ኋላ የተቀበለቻት መስሏት ትኖራለች። ይህን አሰበና በጣም ፈለገው። ከዚያ ተነሳ። ጉልበቱ ቋ አለ።

ሀብተየስ ወንበሮቹ መጨረሻ ላይ ከሰዎች ጋር ሻይ ይጠጣል። ከተማ በካልሲው ድንኳኑን አቋርጦ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወሬውን አቆመ።

«ሀብተየስ፣ የልጄን ነገር ተወው። ቦታው የኢቅራ ነው።»

«ወንድሜ፣ ቁጭ በል እስቲ» አለ ሀብተየስ ብርጭቆውን እያስቀመጠ። «ለደግ ብለን ነው። ሐዘን ላይ ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር አይወሰንም።»

«እሺ ያልኩስ ሐዘን ላይ ሆኜ አይደል?»

ሀብተየስ ዙሪያውን አየ። ዋርፋን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ ፊቱ ቀላ። «ካልክ እንግዲህ... እሺ። ሰኞ ትምጣ።»

ከተማ ሲዞር ሮዛ ቦታዋ ላይ አልነበረችም።

ጓሮ አገኛት። የጎረቤት ሴቶች ሁለት ሳፋ አቅርበው የሻይ ብርጭቆ ያጥባሉ፤ እሷም አንዱ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ በአረፋ እየፈተገች ነው። ሐዘንተኛ ከፍራሹ ተነስቶ ጓሮ ሲመጣ አይተው የማያውቁት ሴቶች ደንግጠው ቆሙ፣ ከዚያም አንድ በአንድ ገለል አሉ። ከተማ እጅጌውን ሰብስቦ ሁለተኛው ሳፋ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ለእኔ ብለህ እሺ ያልክ መስሎኝ ነበር» አለች ሮዛ ቀና ሳትል።

«እሺ ማለቴንም አላወቅኩም፣ ልጄ። ሰው የሚለኝን አልሰማም ነበር።»

«እማዬም እንቢ ብላኛለች።»

«አዎ።»

እንባዋ ሳፋው ውስጥ ይወርዳል፤ እጇ ግን አላቆመም።

«ጎበዝ ናት ብላኛለች» አላት።

«መቼ?»

«ስንጣላ።»

ሮዛ ቀና ብላ አየችው። እውነቱን መሆኑን ፊቱ ላይ ፈለገች፤ እንደዚያ ያለ ውሸት የሚፈጥር ሰው እንዳልሆነ ታውቃለች። አረፋ የለበሰ ብርጭቆ አቀበለችው።

ተቀብሎ ለማለቅለቅ እጁን ሳፋው ውስጥ ነከረ። ውኃው አጥንቱ ድረስ ዘለቀው።

«ይቀዘቅዛል» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ውኃው ይቀዘቅዛል፣ ሮዛ።» ብርጭቆውን ውኃው ውስጥ እንደያዘ አለቀሰ።

«ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ነው፣ አባዬ» አለች ሮዛ፤ ሌላ ብርጭቆም አቀበለችው።