ባልቴቷ ኮምፒውተር እና ቁፋሮው

ቢሮው ውስጥ ከአለቃው ወንበር በቀር ባልቴቷን በዕድሜ የሚበልጥ ዕቃ የለም። ባልቴቷ ኮምፒውተር ናት። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች የከተማውን የመሬት ውስጥ ካርታ መክፈት ስላቃታቸው ጡረታ ነፍገዋት ያሠሯታል። ካርታው ደግሞ ጉድ ነው፤ ቤቱ፣ ዛፉ፣ የውሃ ቧንቧው፣ የመብራት ገመዱ በየራሱ ሌየር፣ በየራሱ ሽፋን፣ ተነባብሮበታል። ሙሉውን ክፈቺ ያሏት ቀን ድርቅ ትላለች። ስለዚህ ካርታ ነዳፊዋ ከባድ ከባዱን ሌየር አጥፍታ በቀሪው ትሠራለች።

ጠዋትም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ታናሽ ወንድሟ፣ የኤክስካቫተር ሾፌሩ፣ በሩ ላይ ቆሞ «እታለም፣ ቶሎ በይ እንጂ!» እያለ ቢያጣድፋት፣ የሚቆፍርበትን ሰፈር ካርታ አትማ ሰጠችው። ከምሳ በኋላ ሌየሮቹን ስትመልስ ግን ወንድሟ በሚቆፍርበት መንገድ ላይ አንድ ቀይ መስመር ተዘርግቶ አየች። የከፍተኛ ኃይል ገመድ ነው። እሱ በያዘው ወረቀት ላይ ቦታው ባዶ መሬት ነው።

ክው ብላ ቀረች። ደወለችለት፤ አያነሳም። ደገመች። በዚያ ሁሉ የሞተር ጩኸት ስልክ ማን ይሰማል? የጠረጴዛውን ስልክ አንስታ የመብራት መሥሪያ ቤቱን ተረኛ አገኘችው።

«መስመሩን አጥፋልኝ! ወንድሜ ሊቆፍረው ነው!»

«የትኛውን? ቁጥሩን ንገሪኝ እንጂ። በግምት ሆስፒታሉን ላጨልም?» አላት ተረኛው።

ቁጥሩን ለማንበብ ካርታውን ብታሰፋው ባልቴቷ ከጥግ ጀምራ እንደ አዲስ መሳል ያዘች። ቤት። ቤት። ዛፍ። ማውሱን ብትነካ ማሽኗ ደርቃ ትቀራለች፤ ያንን ነዳፊዋ ከማንም በላይ ታውቃለች። እጇን ብብቷ ሥር ወትፋ «በናትሽ፣ በወለደችሽ!» እያለች ለመነቻት። ቀዩ መስመር እየተጎተተ መጣ፤ ቁጥሩም ተከተለ።

«አርባ ሰባት! መስመር አርባ ሰባት!»

ወዲያው መብራቱ ድርግም አለ። ባልቴቷም ጭጭ አለች።

«ተመስገን! አጠፋህልኝ አይደል?»

«እኔ? ገና ቁጥሩን እየጻፍኩ ነው።»

ሞባይሏ ጮኸ። ወንድሟ ነው።

«እታለም፣ አካፋው የሆነ ነገር ነክቶ ብው አለ። ልውረድና ልየው?»

«እንዳትወርድ! መሬት ብትረግጥ ትሞታለህ! ከወንበርህ ንቅንቅ እንዳትል!»

«ኧረ ቀስ! ወረቀትሽ ላይ እኮ ምንም የለም።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያስቀረሁት።»

በሌላው ስልክ ተረኛው እየጮኸ ነበር። «መስመሩ ራሱን ነው የዘጋው፤ መልሶ ሊበራ ይችላል! ቆይ፣ ከምንጩ ልዝጋው!» ቁልፍ ሲጫን ተሰማት። ከዚያ «ዘጋሁት። አሁን ይውረድ» አላት።

«ማልልኝ።»

ማለላት።

«በልጆችህ ማልልኝ።»

በልጆቹም ማለላት። እሷ ግን አንዱን ስልክ በቀኝ፣ ሌላውን በግራ ጆሮዋ ላይ ጭና ቀረች። ወንድሟ «እታለም፣ አለሽ?» ይላታል። ውረድ የምትለዋ አንዲት ቃል አልወጣ አለቻት።