ዘጠኝ ቁጥር ሲወጣ

እግሬ አርፎ አይቀመጥም፤ ጠረጴዛውን እየነቀነቀ የአባቴን የማቴ ሻይ ሊደፋ ደርሷል። ስድስት ጨዋታ ሙሉ አንድም ግብ አላገባንም። ዛሬ ካላሸነፍን ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን እንወርዳለን። ነገሩ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ይህን ግን ለአባቴ ማስረዳት ዘበት ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አባቴ ቫልዶሚሮ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ተደርጎ ቤት ሲውል ይሰለቸዋል ብዬ፣ የአሰልጣኝነት ጌም ውስጥ የድሮ የሰፈር ቡድኑን ኤስትሬላን ሠራሁለት። የተጫዋቾቹን ስም አንድ በአንድ እሱ አስጻፈኝ። ዘጠኝ ቁጥር፣ የፊት አጥቂው፣ ራሱ ነው። የአሰልጣኙን ስም ስጠይቀው ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

"የራስሽን ጻፊ" አለኝ።

የያኔው አሰልጣኝ ጋሼ አንሴልሞ አንድ ግንብ ብቻ የሚለየን ጎረቤታችን ነው። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት፣ በዋንጫ ጨዋታ ላይ፣ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው አባቴን ቀይሮ አስወጣው። ኤስትሬላ አንድ ለዜሮ አሸነፈ። አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገረውም። በር ላይ ሲገጣጠሙ አንዱ ሰማይ ሰማዩን፣ ሌላው መሬት መሬቱን ያያል። እንዲህ ዓይነት ግትር ሰው አሳድጎኝ እኔ ከየት የዋህ ልሆን?

"ኳሱን ለእኔ ስጡ በያቸው!" አለ አባቴ፣ ወለሉን በክራንቹ እየደበደበ።

"ስድስት ጨዋታ ለአንተ ብቻ ነው የሰጡት፣ አባዬ። ሦስት ተከላካይ ከቦህ ይውላል።"

"ሦስት ሰው ከፈራኝ ጥፋቱ የእኔ ነው?"

ያልሞከርኩት ነገር የለም። አጥቂ ጨመርኩ፣ ከሩቅ እንዲመቱ አዘዝኩ፣ ከክንፍ አሻገርኩ፤ ኳሱ ዞሮ ዞሮ እሱ እግር ላይ ይሞታል። መድኃኒቱ ከገባኝ ቆይቷል። ክንፎቹ ወደ ውስጥ ይግቡ፣ ኳሱ መሬት ለመሬት ይሂድ፣ ፊት ላይ ደግሞ ተከላካዮቹን ከቦታቸው እየጎተተ የሚሮጥ ሰው ይቁም። ለዚህ ዘጠኝ ቁጥር መውጣት አለበት። ግን በየትኛው አፌ ልበለው? የሠላሳ ስምንት ዓመት ኩርፊያ በእኔ ላይ ሲጀመር ታየኝና ፈራሁ።

ክንፎቹን ብቻ ወደ ውስጥ አስገባሁ። ስልሳኛው ደቂቃ፣ ዜሮ ለዜሮ። ሰባኛው፣ ያው። አባቴ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሣ።

"ተቀመጥ፣ ስፌትህ ይበጠሳል።"

"መጀመሪያ አንቺ እግርሽን አሳርፊ።"

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ።

"ስሜ አጠገብ ያለው ቀይ ምንድን ነው?"

"ድካም ነው። አቅሙ ሲያልቅ ይቀላል። ካላስወጡት ይጎዳል።"

"ምኑን?"

"ብዙ ጊዜ ጉልበቱን።"

ጉልበቱን በመዳፉ ያዘ። ሰዓቱ ይሮጣል፤ ሰባ አራት፣ ሰባ አምስት።

"የዋንጫው ለት" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ከእረፍት በፊት ጀምሮ ጉልበቴን ያመኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። አንሴልሞ ይሄ ቀይ ነገር አልነበረውም፤ በምን አወቀ?"

"እግርህን እያየ ነበራ፣ አባዬ።"

ስክሪኑ ላይ ስሙን በጣቱ ነካ።

"አስወጪኝ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"አስወጪኝ አልኩሽ። አሥራ ስምንት ቁጥርን አስገቢው፤ እሱ ሯጭ ነው።"

ቀየርኩት። ተከላካዮቹ የሚከቡት ሰው አጡ፤ አሥራ ስምንት ቁጥር ሁለቱን ወደ ቀኝ ይዟቸው ሄደ። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ የግራው ክንፍ በተከፈተው መሀል ገብቶ አገባ። ጨዋታው አለቀ። አልወረድንም።

እኔ ዘልዬ ተነሣሁ፤ አባቴ ግን ዞር ብሎም አላየኝም። ከተማችን ፔሎታስ ላይ ሦስት ቀን ሳያባራ የዘነበው ዝናብ ገና እየወረደ ነው፤ እያነከሰ ወደ ጓሮ ወጣ። ጃንጥላ ይዤ ተከተልኩት። ግንቡን በክራንቹ ሦስት ጊዜ መታው።

"ማነው?" አለ ጋሼ አንሴልሞ ከወዲያ ማዶ።

"ኤስትሬላ አገባ" አለ አባቴ።

የሽማግሌው ኮቴ በጭቃው ላይ ወደ ግንቡ ቀረበ።

"ማን አገባ?"

አባቴ ግንባሩን እርጥቡ ግንብ ላይ አስደገፈ።

"እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው የገባው።"

"ጉልበትህስ" አለ ጋሼ አንሴልሞ፣ "እንዴት ሆነልህ?"